ፊቴ የሚግልበት ምክንያት፦ ከማስት ሴል ሕመም ጋር መኖርና የመድኃኒት አጠቃቀሙ

መግቢያ

በዚህ መጽሔታችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ወባ፣ ስለ ቲቢና ስለ አንቲባዮቲክ አወሳሰድ ነው። ትክክልም ነው፤ የአገራችን ዋና ዋና የጤና ችግሮች እነሱ ናቸውና። እኔ ግን ዛሬ ከመላው ትምህርት ክፍላችን ምናልባት አንድ ሰው ብቻ ስላለበት ሕመም ልጽፍ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። "ታዲያ ለአንድ ሰው ብለሽ ነው?" የሚለኝ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ሕመሙ ብርቅ ቢሆንም የሚያስከትለው አደጋ፣ ማለትም አናፊላክሲስ፣ ብርቅ አይደለም። አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆመን ሳለን ከፊት ለፊታችን ሊከሰት ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም ክረምት፣ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ ጉንፋን ያዘኝ። እናቴ እንደማንኛዋም እናት የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ፣ ጋቢ አከናንባ አጠነችኝ። "ላብሽ ይውጣ፣ ይለቅሻል" አለች። ላቤስ ወጣ፤ ግን ፊቴና ደረቴ እሳት እንደነካው ጋለ፣ ልቤ ደለቀ፣ ሆዴ ተገላበጠ። ጋቢውን ጥዬ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተወኝ።

ራስ ምታቱ ግን ስላልለቀቀኝ ማምሻውን ከእናቴ ጋር ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ የዲክሎፌናክ መርፌ ተወጋሁ። ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። መጀመሪያ መዳፌን በላኝ፤ ቀጥሎ ያው ሙቀት ከደረቴ ተነሥቶ ወደ ፊቴ ወጣ፤ ጆሮዬ ጮኸ፤ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ወለል ላይ ተጋድሜአለሁ። ባለሙያው ከላይ ሆኖ እያየኝ "ምንም የለባትም፣ ደንግጣ ነው፤ መርፌ የምትፈራ ልጅ ናት" ይላል። እናቴ ደግሞ "ኧረ ልጄ መርፌ አትፈራም! እስቲ ፊቷን ንካው፣ ይፋጃል እኮ!" ትላለች። እሱ ግን መንካቱን ትቶ ፊቴን አየና "አልቀላም፤ ሽፍታም የለም" አለ። የደም ግፊቴ ሲለካ 70 በ40 ነበር። ሃይድሮኮርቲዞንና ፕሮሜታዚን ሰጡኝ። አድሬናሊን የተሰጠኝ ሌላ ባለሙያ ከመጣ በኋላ፣ ዘግይቶ ነው።

በሕይወት ስላለሁ ማንንም ለመውቀስ አልጽፍም። ነገር ግን በዚያች ምሽት ሁለት ስሕተቶች ተፈጽመዋል። አንደኛው፣ የቆዳ መጋል በዓይን ብቻ ተፈለገ፤ ሁለተኛው፣ ቅድሚያ የሚገባው መድኃኒት መጨረሻ መጣ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ ማስት ሴል ምንነት፣ ስለ ሕመሙ መቀስቀሻዎችና ስለ መድኃኒቶቹ ከተማርኩትና ከደረሰብኝ በመነሣት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ማስት ሴል ምንድን ነው?

ማስት ሴል የሰውነታችን መከላከያ ሥርዓት አባል የሆነ ሴል ነው። መነሻው መቅኔ ውስጥ ሲሆን የሚበስለውና የሚኖረው ግን በቆዳ፣ በአየር ቧንቧ፣ በአንጀት ግድግዳና በደም ሥሮች ዙሪያ ነው። ባጭሩ ሰውነታችን ከውጭው ዓለም ጋር በሚገናኝበት በር ሁሉ ላይ አለ፤ እንደ ዘበኛ ቁጠሩት። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ሲሆን፣ በ1878 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፉን ሲሠራ በአኒሊን ቀለሞች አማካይነት ለይቶ ገለጸው። ሴሉ በፍሬዎች ታጭቆ ስላየው የደለበ መስሎት፣ በጀርመንኛ ከማድለብ ጋር የተያያዘ ስም ሰጠው። ይኸው ሰው በ1908 እ.ኤ.አ. በመከላከያ ሥርዓት ጥናቱ የኖቤል ሽልማትን ከኢሊያ ሜችኒኮቭ ጋር ተካፍሏል።

በኋላ እንደታወቀው ፍሬዎቹ ስብ ወይም ምግብ አይደሉም። ሂስታሚን፣ ሄፓሪን፣ ትሪፕቴዝ የተባለው ኢንዛይምና ሌሎችም የተቀመጡባቸው ከረጢቶች ናቸው። ሴሉ ሲቀሰቀስ ከረጢቶቹን በደቂቃዎች ውስጥ ያፈሳል፤ ቀጥሎም ፕሮስታግላንዲን ዲ2 እና ሉኮትራይን የተባሉትን አዲስ ያመርታል። ሂስታሚን ኤች 1 በተባለው ተቀባይ በኩል የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ፈሳሽ እንዲያሾልኩ ያደርጋል፣ ያሳክካል። በኤች 2 በኩል የጨጓራ አሲድ ይጨምራል፤ የደም ሥር በማስፋቱም ሥራ ይሳተፋል። ፕሮስታግላንዲን ዲ2 ደግሞ ለመጋሉ ትልቅ ድርሻ አለው። እንግዲህ ፊት መጋሉ፣ ሆድ መገልበጡ፣ ልብ መድለቁ፣ ግፊት መውረዱ ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው ማለት ነው።

በተለመደው አለርጂ ማስት ሴል የሚቀሰቀሰው በላዩ ላይ በተቀመጠው አይጂኢ በተባለው አንቲቦዲ አማካይነት ነው። በእኔ ዓይነቱ ሕመም ግን ችግሩ ከራሱ ከዘበኛው ይጀምራል። ሕመሙ በሁለት መንገድ ይታያል። ማስቶሳይቶሲስ በሚባለው የሴሎቹ ቁጥር ይበዛል፤ ማስት ሴል አክቲቬሽን ሲንድሮም በሚባለው ደግሞ ቁጥራቸው ሳይበዛ ቁጣቸው ቅርብ ይሆናል። ማስቶሳይቶሲስ ያለባቸው የአብዛኞቹ አዋቂዎች ምክንያት ኪት በተባለው ዘረመል ላይ የሚከሰት፣ ዲ816ቪ ተብሎ የሚጠራ ለውጥ ነው። ኪት ለሴሉ "እደግ፣ ተባዛ" የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበል ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ለውጡ ሲደርስበት ማብሪያው በርቶ ይቀራል። ይህ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ ሕመሙም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ አጠገቤ የምትቀመጡ ልጆች አትፍሩ!

ሕመሜ እንዴት ታወቀ?

ከ16 ዓመቴ ጀምሮ ጭኔና ወገቤ ላይ ምስር የሚያካክሉ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ነበሩብኝ። አንዱ የቁንጫ ጠባሳ ነው አለኝ፤ ሌላው የፈንገስ ቅባት ሰጠኝ፤ እኔም ረጅም ቀሚስ ለብሼ ዝም አልኩ። ከዚያ ከክሊኒኩ አደጋ በኋላ ግን ወደ ቆዳ ሐኪም ተላክሁ። ሐኪሟ ነጠብጣቦቹን አየች፤ ምላስ በሚጫኑበት እንጨት አንዱን ጥቂት አሸት አሸት አደረገችና "እስቲ አምስት ደቂቃ ጠብቂ" አለችኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የታሸው ነጠብጣብ አበጠ፣ አሳከከኝ። የዳርየር ምልክት ይባላል። አካባቢው ያልታሸው ቆዳ ምንም አልሆነም። ከነጠብጣቡ ናሙና ተወስዶ ቶሉዲን ብሉ በተባለ ቀለም ሲታይ በማስት ሴል የተሞላ ሆነ።

ቀጥሎ የትሪፕቴዝ ምርመራ ታዘዘልኝ። ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተልኮ ሲመለስ፣ ያለ ምንም ሕመም በተቀመጥኩበት ቀን መጠኑ በሚሊ ሊትር 24 ናኖግራም ነበር። ከ20 በላይ መሆኑ በመላ ሰውነት የተሠራጨውን ማስቶሳይቶሲስ ለመለየት ከሚያገለግሉት ንዑስ መስፈርቶች አንዱ ነው። ለብቻው ግን አይበቃም፤ ዋናው ማረጋገጫ የመቅኔ ምርመራ ነው። እሱም ተሠራልኝና ዝግተኛው ዓይነት መሆኑ ተነገረኝ። ዝግተኛ ሲሉ ዕድሜ የሚያሳጥር ሳይሆን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ማለታቸው ነው። በልጅነት የሚጀምረውና ቆዳ ላይ ብቻ የሚወሰነው ዓይነት ግን ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ እየቀነሰ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ለፈተናም ለሥራም የሚጠቅም አንድ ስሌት ላስታውሳችሁ። አንድ ሰው አደጋ ሲደርስበት ምክንያቱ ማስት ሴል መሆኑን ለማወቅ አደጋው በጀመረ በአራት ሰዓት ውስጥ ደም ይወሰዳል። ከዚያም ሁሉም ነገር ካለፈ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ እንደገና ይወሰዳል። የአደጋው ቀን ውጤት ከመደበኛው በ20 በመቶ ሲደመር 2 ናኖግራም ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ማስት ሴል ተቀስቅሷል ማለት ነው። የእኔን ብንወስድ 24 ሲባዛ በ1.2 ሲደመር 2፣ 30.8 ይመጣል። በዚያች ምሽት ደም ተወስዶልኝ ቢሆን ኖሮ "ደንግጣ ነው" የሚለውን ክርክር ቁጥሩ ይፈታው ነበር።

የመጋል ነገር በእኛ ቆዳ ላይ

መማሪያ መጻሕፍቶቻችን ይህን ምልክት ሲገልጹ "ፊት ይቀላል" ይላሉ፤ አጠገቡ የሚታተመውም ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ የነጭ ሰው ነው። የእኛ ቆዳ ግን እንደዚያ አይቀላም። ቀይ ዳማ የሆነ ሰው ላይ ትንሽ ሊታይ ይችላል፤ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ከቀለሙ ጠቆር ከማለት፣ ከመወዛትና ከመሞቅ በቀር ምንም ላይታይ ይችላል። የእኔ ፊት ሲግል እኔን የማያውቅ ሰው "ዛሬ ምነው ጠቆርሽ?" ነው የሚለኝ።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ መንካት። በእጃችሁ ጀርባ ጉንጩን፣ አንገቱንና ደረቱን ንኩና ከክንዱ ጋር አወዳድሩ። ሁለተኛ፣ ቀለም በሚታይበት ቦታ መመልከት፤ መዳፍ፣ የከንፈር ውስጠኛው ክፍልና የዓይን ሽፋን ውስጥ። ሦስተኛ፣ መጠየቅ። "ይሞቅሃል? ከየት ጀመረ? መዳፍህን ይበላሃል?" ማለት ጊዜ አይፈጅም። ደግሞም ማስቶሳይቶሲስ ባለበት ሰው አናፊላክሲስ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሽፍታም እብጠትም ሳይኖር መጋልና የግፊት መውደቅ ብቻ ይታያል። "ሽፍታ የለም" ማለት "አለርጂ አይደለም" ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በሌላ በኩል ፊቱ የጋለ ሁሉ የማስት ሴል ሕመም አለበት ማለት አይደለም። የወር አበባ የሚቋረጥበት ዕድሜ፣ ትኩሳት፣ የእንቅርት ሆርሞን መብዛት፣ ሮዜሺያ የተባለው የፊት ቆዳ ሕመም፣ ካርሲኖይድ የተባለው እጢ፣ እንዲሁም እንደ ኒፈዲፒንና ናያሲን ያሉ መድኃኒቶች ፊት ያግላሉ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ማታ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን እንዳይመረምር አደራ።

ቀስቃሾቹና ደብተሬ

ሐኪሟ ከመድኃኒቱ በፊት የሰጠችኝ ትእዛዝ "ደብተር ግዢ" የሚል ነበር። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና በየቀኑ ሰዓቱን፣ የበላሁትንና የጠጣሁትን፣ የወሰድኩትን መድኃኒት፣ የነበርኩበትን ቦታ፣ ስሜቴን፣ መጋሉ የቆየበትን ደቂቃ መጻፍ ጀመርኩ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። በአራተኛው ወር ግን ደብተሩ መናገር ጀመረ።

የመጀመሪያው ጠላቴ ሙቀት ነው። እንጀራ ስጋግር ምጣዱ ላይ ማጎንበስ፣ በፈላ ውኃ መታጠብ፣ በእኩለ ቀን የታጨቀ ታክሲ። የታክሲው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። መስኮት ስከፍት ከኋላ አንዱ "ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል!" ይላል። መጀመሪያ እከራከር ነበር። አሁን መስኮቱ አጠገብ ቦታ ካላገኘሁ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። ሁለተኛው የሙቀትና የቅዝቃዜ ድንገተኛ ለውጥ ነው። ሦስተኛው ሸካራ ፎጣና ጠባብ ልብስ ነው፤ ነጠብጣቦቹን ማሸት ማስት ሴሎቹን መጎርጎር ነውና። አራተኛው አልኮል ነው። በአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ግማሽ ብርሌ ጠጅ ጠጥቼ የደረሰብኝን እኔና ደብተሬ እናውቃለን። አምስተኛው ጭንቀት ነው፤ የፋርማኮሎጂ ፈተና ሳምንት ላይ ገጾቹ ሞልተዋል።

ንብን ለብቻው ልጥቀስ። ማስቶሳይቶሲስ ላለበት ሰው የንብና የተርብ ንድፊያ ከባድ አናፊላክሲስ ከሚያስነሡት ዋነኞቹ መካከል ነው። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ የአያቴም ጓሮ ቀፎ አለበት። ስለዚህ ማር በሚቆረጥበት ሰሞን አያቴ ቤት አልሄድም፤ አያቴም ማሩን ትልክልኛለች። የንብ መርዝ አለርጂው በምርመራ የተረጋገጠበት የማስቶሳይቶሲስ ሕመምተኛ በመርዙ የሚሰጠውን ኢሚውኖቴራፒ ዕድሜ ልኩን እንዲወስድ ይመከራል።

ምግብን በተመለከተ ከሁሉ የበለጠ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቱም ዘመዱም "ይህን ተዪ፣ ያንን ተዪ" ሲለኝ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ቡና፣ እንቁላል፣ መጨረሻ ላይ እንጀራውንም ተውኩ። በሁለት ወር 6 ኪሎ ቀነስኩ፤ መጋሉ ግን አልቀነሰም። ሐኪሟ ተቆጣችኝ። ሂስታሚን የሚቀንስ አመጋገብ ለሁሉም ይጠቅማል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ምግብ የሚተወው ደጋግሞ ሲያስቸግር በደብተር ከታየ ብቻ ነው። አንድ በአንድ ስመልሳቸው እንጀራውም ሽሮውም ቡናውም ምንም አላደረጉኝም። በጣም የሚያቃጥል ሚጥሚጣ ግን ያግለኛል፤ እሱን ትቻለሁ።

መድኃኒቶቹ

አሁን ወደ ሙያችን እንግባ። ዝግተኛውን ዓይነት ለመቆጣጠር ሕክምናው የሚጀምረው በኤች 1 አንቲሂስታሚን ነው። የማያስተኙት የሁለተኛው ትውልድ፣ ማለትም ሴትሪዚንና ሎራታዲን፣ ይመረጣሉ። እኔ ሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም በየቀኑ እወስዳለሁ። "በየቀኑ" የምትለዋን ቃል አስምሩባት። አንቲሂስታሚን የተለቀቀውን ሂስታሚን ከሰውነት አያስወጣም፤ ተቀባዩን ቀድሞ ይዞ ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ ሲያመኝ ብቻ ልውሰድ ማለት ሌባው ከገባ በኋላ በር እንደ መዝጋት ነው። መደበኛው መጠን ካልበቃ ሐኪም እስከ አራት እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ ይህን ግን ሕመምተኛው በራሱ አያደርገውም። ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያስተኛሉ፣ ትኩረት ይቀንሳሉ፤ ለተማሪም ለሹፌርም አይመቹም።

የሆድ ሕመምና ቃር ካለ፣ ወይም መጋሉ በኤች 1 ብቻ ካልተመለሰ፣ እንደ ፋሞቲዲንና ሲሜቲዲን ያለ የኤች 2 መድኃኒት ይጨመራል። ሲሜቲዲን በጉበት ውስጥ የሌሎችን መድኃኒቶች መሰባበር እንደሚያዘገይ ተምረናል። ስለዚህ ዋርፋሪን ወይም ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ሲመጣ ቆም ብለን እናስብ። ክሮሞሊን ሶዲየም በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው፤ ጥቅሙም በተለይ ለአንጀት ምልክቶች ነው። ሉኮትራይንን የሚያግደው ሞንቴሉካስትና አይጂኢን የሚያስረው ኦማሊዙማብ በሐኪም ውሳኔ የሚታከሉ ናቸው። ኪትን ራሱን የሚያግዱ መድኃኒቶችም መጥተዋል። ሚዶስታውሪን በ2017 እ.ኤ.አ. ለከባዱ ዓይነት፣ አቫፕሪቲኒብ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ለዝግተኛው ዓይነት በአሜሪካ ተፈቅደዋል።

አስፕሪን ግን እንቆቅልሽ ነው። ፕሮስታግላንዲን ዲ2 እንዳይመረት ስለሚያደርግ የአንዳንዱን ሕመምተኛ መጋል ይቀንሳል። እሱና ዘመዶቹ፣ እነ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ፣ የሌላውን ሕመምተኛ ማስት ሴል ደግሞ ይቀሰቅሳሉ። እኔን ዲክሎፌናክ ምን እንዳደረገኝ ከላይ አንብባችኋል። ስለዚህ አስፕሪን የሚሞከረው በሐኪም ክትትል ሥር ብቻ ነው። ለሕመም ማስታገሻ እኔ የምወስደው ፓራሲታሞል ነው።

ሌሎችም ጥንቃቄ የሚሹ አሉ። ሞርፊንና ኮዴይን ማስት ሴልን ያለ አይጂኢ በቀጥታ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ቫንኮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጡንቻ የሚያላሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ኤምአርጂፒአርኤክስ2 በተባለው የማስት ሴል ተቀባይ በኩል እንደሚሠሩ ታውቋል። ይህ ማለት ግን ማንኛውም ሕመምተኛ ሁሉንም ይከልከል ማለት አይደለም። ከቀዶ ሕክምናና ከማደንዘዣ በፊት ለባለሙያው ሕመሙን አስቀድሞ መንገር ግን የግድ ነው።

አደጋው ሲመጣ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። በአናፊላክሲስ የመጀመሪያው መድኃኒት አድሬናሊን ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ሥራውን ለመጀመር ሰዓታት ይፈልጋል። አንቲሂስታሚን ማሳከክ ይቀንስ እንጂ የወደቀ ግፊት አያነሣም፣ የተዘጋ ጉሮሮም አይከፍትም። አድሬናሊን ግን የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የአየር ቧንቧን ይከፍታል፣ ልብን ያግዛል፣ ማስት ሴሉ ራሱ ተጨማሪ እንዳያፈስ ይገታል።

አሰጣጡ በጡንቻ ነው፤ ቦታውም የጭን መካከለኛው የውጭ ጎን ነው። መጠኑ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ካለው አምፑል በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ሲሆን ለአዋቂ ከ0.5 ሚሊ ግራም አይበልጥም። እኔ 52 ኪሎ ስለሆንኩ ስሌቱ 0.52 ይሰጣል፤ የሚሰጠኝ ግን 0.5 ሚሊ ግራም ወይም 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። ካልተሻለ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደገማል። በዚህ መጠን በደም ሥር አይሰጥም። ሕመምተኛው እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያለ ቤታ ብሎከር የሚወስድ ከሆነ አድሬናሊን በሚገባ ላይሠራለት ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገር።

በራሱ የሚወጋውን ባለ ብዕር አድሬናሊን እኔ ማግኘት አልቻልኩም። ስለዚህ ሐኪሟ አምፑልና ስሪንጅ አዝዛልኝ አወሳሰዱን በውኃ እያለማመደች አስተማረችኝ። በቦርሳዬ ውስጥ በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ሁለት አምፑል፣ ሁለት ስሪንጅና አንድ ወረቀት አለ። አድሬናሊን ብርሃንና ሙቀት ያበላሸዋል፤ ፈሳሹ ሮዝ ወይም ቡናማ ከሆነ ይጣላል። እኔም በየወሩ መጀመሪያ ላይ ቀለሙንና የሚያበቃበትን ቀን አያለሁ።

በመስኮቱ በኩል

የእኛ ሥራ የሚሠራው በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል ነው። አንድ ሰው "የራስ ምታት መድኃኒት ስጪኝ" ሲል "መድኃኒት ወስደህ ፊትህ ጋሎ ወይም ራስህን ስተህ ታውቃለህ?" ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መልሱ "አዎ" ከሆነ ያንን መድኃኒትና ዘመዶቹን ሳንሰጥ ወደ ሐኪም እንላከው፤ የመድኃኒቱንም ስም ጽፈን እንስጠው። ሰው "አንድ ነጭ መርፌ ነበር" ብሎ ከሚናገር ስሙ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይሻላል። እኔ ስሙን ያወቅሁት እናቴ ባዶውን አምፑል ከክሊኒኩ ይዛ ስለወጣች ነው።

ማጠቃለያ

ማስት ሴል ዘበኛ ነው፤ የእኔ ዘበኞች ቁጥራቸው በዝቷል፣ ቶሎም ይቆጣሉ። ላባርራቸው አልችልም፤ ሊኖሩ ነው። በየቀኑ በምወስደው መድኃኒት፣ በደብተሬና በሣጥኔ ግን አብረን እንኖራለን። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ከብዶብኝ አንዱን ጊዜ አድሬናሊን ተጠቅሜአለሁ። ትምህርቴንም አላቋረጥኩም።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። ክፍል ውስጥ ሆነ ላቦራቶሪ ውስጥ ድንገት ዝም ካልኩ፣ መዳፌን ማከክ ከጀመርኩ ወይም "ዓይኔ ጨለመ" ካልኩ፣ በጀርባዬ አስተኙኝ፤ እግሬንም ከፍ አድርጉት። መተንፈስ ካቃተኝ ግን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡኝ፤ ካስመለሰኝ በጎኔ አድርጉኝ። ተሻለኝ ብዬ ልነሣ ብል አትስሙኝ፤ ግፊቱ ወድቆ ሳለ ድንገት መቆም ሊገድል ይችላል። ሣጥኑ በቦርሳዬ የፊት ኪስ ውስጥ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ተጽፏል። መውጋት እኔ ካልቻልኩ ከእናንተ ውስጥ መርፌ መውጋት የተለማመደ ይውጋኝ፤ አምቡላንስ ጥሩ። ከተሻለኝም በኋላ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና።

እናም እባካችሁ ፊቴን አይታችሁ "አልቀላችም" አትበሉ። ንኩት።

ቸር ይግጠመን።